ለብጉር የትኛው መድኃኒት ይሻለኛል? ጉዳቱስ እስከ ምን ድረስ ነው?

ጥያቄ፦ «ዶክተር፣ ጤና ይስጥልኝ። ዕድሜዬ 24 ነው፤ የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። ብጉር ከጀመረኝ ሦስት ዓመት አልፎታል። የሚወጣብኝ ጉንጬና አገጬ ላይ ነው። አንዳንዱ ከውስጥ ጠጥሮ ያመኛል፣ ሲጠፋም ጠባሳ ይተዋል። ከኮስሞቲክስ ቤት የገዛሁት ቅባት በሳምንት ውስጥ ፊቴን ጥርት አድርጎልኝ ነበር። አሁን ግን አንድ ቀን ከዘለልኩ ፊቴ ይቀላል፣ ያቃጥለኛል፣ ብጉሩም ብሶበት ይወጣል። ፋርማሲ ስጠይቅ ዶክሲሳይክሊን ዋጪ አሉኝ። ጓደኛዬ ደግሞ ከውጭ አገር ያስመጣችውን አይሶትሬቲኖይን የሚባል እንክብል ልትሰጠኝ ነው። ጉበት ይጎዳል፣ መካን ያደርጋል ሲሉ ስለሰማሁ ፈራሁ። ባለትዳር ነኝ፤ የሦስት ወር መርፌ እወጋለሁ። ጾሙም እየመጣ ነው። የቱን ብወስድ ይሻለኛል?»

መልስ፦ እህቴ፣ ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። አንቺ የፈራሽው ገና ያልዋጥሽውን እንክብል ነው። እኔን ያስፈራኝ ግን በየማታው የምትቀቢው ቅባት ነው። ስለዚህ ከእሱ ልጀምር።

ሰዎች ቅባታቸውን በጥቁር ፌስታል ጠቅልለው ያመጡልኛል። ጠረጴዛው ላይ ሲፈቱት ብዙውን ጊዜ የሚወጣው ተመሳሳይ ነገር ነው። እስከ አንገቷ ተጠቅልላ የተጨመቀች ትንሽ ቱቦ፣ ጽሑፏ ከመነካካት ብዛት የለቀቀ። ብርሃን ፈልጌ የጀርባዋን ደቃቅ ጽሑፍ ሳነብ «ክሎቤታሶል» ወይም «ቤታሜታሶን» የሚል አገኛለሁ፤ ሁለቱም ስቴሮይድ የሚባሉ እብጠት የሚያበርዱ መድኃኒቶች ናቸው። አንዳንዴ ጭራሽ ስም የሌለው ብልቃጥ ይመጣል፤ ሻጩ ራሱ ሁለት ሦስት ነገር ቀላቅሎ የሞላው። የአንቺን ቱቦ አላየሁትም። የጻፍሽው ነገር ግን የስቴሮይድ ቅባት ታሪክ ነው፤ በሳምንት ጥርት ማድረጉ፣ ሲቋረጥ መቅላቱ፣ ማቃጠሉ፣ ብሶ መመለሱ።

ስቴሮይድ በራሱ ክፉ መድኃኒት አይደለም። እኔም ለኤክዜማና ለሌሎች የቆዳ በሽታዎች አዝዘዋለሁ። ለብጉር ግን አይሆንም፤ ፊት ላይ ደግሞ ጠንካራው ዓይነት ጨርሶ አይሆንም። መጀመሪያ እብጠቱንና መቅላቱን ያበርደዋል፣ ደም ሥሮቹንም ያጠብባቸዋል። ለዚህ ነው ፊትሽ የጠራ የመሰለሽ። ከስር ግን ቆዳው እየሳሳ ይሄዳል። ቀጫጭን ደም ሥሮች መታየት ይጀምራሉ፣ ፊት ላይ ፀጉር ይበቅላል፣ ቅባቱ ራሱ አዲስ ብጉር ያወጣል። ስታቆሚው የተጨመቁት ደም ሥሮች ባንዴ ይከፈታሉ። ያን ጊዜ ሰው «ፊቴ ያለ እሱ አልሆን አለኝ» ብሎ ተመልሶ ይቀባል። ብዙ ሰው ለዓመታት እዚያው ክብ ውስጥ ሲሽከረከር አይቻለሁ፤ እያንዳንዱ ዙር ደግሞ ቆዳውን ይበልጥ ያሳሳዋል።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ከዚህ ክብ መውጣት ነው። ቱቦውን አትጣዪው፤ ይዘሽው ወደ ቆዳ ሐኪም ሂጂ። የተጠቀምሽው ለጥቂት ሳምንት ከሆነ ባንዴ ማቆም ይቻላል። ወራት ካለፉት ሐኪሙ ወደ ደካማ ዓይነት ቀይሮ ወይም ቀኑን አራርቆ ቀስ በቀስ ሊያስተውሽ ይችላል። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከባድ ናቸው፤ ይህን ልደብቅሽ አልፈልግም። ፊትሽ ይቀላል፣ ያቃጥላል፣ ምናልባት ሰው ሁሉ «ምን ሆንሽ?» ይልሻል። በንጹህ ቀዝቃዛ ውኃ የራሰ ጨርቅ ለጥቂት ደቂቃ ማሳረፍ፣ ሽቶ የሌለው ተራ ማለስለሻ መቀባት፣ ሌላ ምንም አለመንካት። በዚህ ሰሞን ሌሎቹን የብጉር ቅባቶች አትጀምሪ፤ የተቃጠለ ቆዳ አይችላቸውም።

ቅባቱ «ያነጣል» ተብሎ የተሸጠልሽ ከሆነ ደግሞ ሌላም ስጋት አለ። አንዳንድ የማንጫ ቅባትና ሳሙና ውስጥ ሜርኩሪ ይገኛል፤ ሜርኩሪ ኩላሊት ይጎዳል። የውስጡ ይዘት ያልተጻፈበትን ነገር ፊትሽ ላይ አታድርጊ።

አሁን ወደ ምርጫው እንምጣ።

መድኃኒት ስንመዝን አብዛኞቻችን አንዱን የሚዛን ሳህን ብቻ ነው የምናየው፤ መድኃኒቱ የሚያመጣውን ጉዳት። በሌላው ሳህን ላይ ብጉሩ ራሱ የሚያደርሰው ጉዳት አለ። አንድ ሰው ግንባሩ ላይ ጥቂት ጥቁር ነጥብና ነጫጭ ጭንቅላት ያላቸው ብጉሮች ብቻ ካሉት፣ ጠባሳም ካልተወ፣ ያ ሳህን ቀላል ነው። ለእሱ ጠንካራ ኪኒን መስጠት አያስፈልግም። አንቺ ግን ከውስጥ የሚጠጥርና የሚያም፣ ጠባሳም የሚተው ብጉር ነው ያለሽ። ጥቁረት በጊዜ ይለቃል፤ የጎደጎደ ጠባሳ ግን በራሱ አይሞላም፣ በኋላ በሕክምና ለማስተካከልም አስቸጋሪና ውድ ነው። ስለዚህ «ትንሽ ልጠብቅ፣ በዕድሜ ይተወኛል» የሚለው ምክር ለአንቺ አይሠራም። መጠበቅም ራሱ የጎንዮሽ ጉዳት አለው።

ከሚቀባው እንነሳ፤ ኪኒን ብትወስጅም ባትወስጅም መሠረቱ እሱ ነውና።

ቤንዞይል ፐርኦክሳይድ የብጉሩን ባክቴሪያ ይገድላል፤ ባክቴሪያው እሱን አይለምደውም። 2.5 በመቶ፣ 5 በመቶና 10 በመቶ እየተባለ ይሸጣል። ሰው 10ሩን ያነሳል፤ ጠንከር ያለው የተሻለ ይመስለዋል። 2.5ቱ ግን ውጤቱ ከ10ሩ ብዙም አያንስም፣ ማቃጠሉ ግን በጣም ያነሰ ነው። ዝቅተኛውን ያዢ። ጉዳቱ ማድረቅ፣ መላጥና ትንሽ ማቃጠል ነው። ሌላም አለ፤ ጨርቅ ያነጣል። አንዲት ልጅ ነጠላዋን አጣፍታ መጥታ ጥለቱን አሳየችኝ። አረንጓዴው ጥለት አገጯን በሚነካበት ቦታ ላይ ብቻ ገርጥቶ ወደ ቢጫ ሄዷል። ያጠበችበትን ሳሙና ስትወቅስ ከርማለች። የሚቀባውን ጠዋት አድርገሽ በደንብ እስኪደርቅ ጠብቂ፤ ማታ ከሆነም ነጭ የትራስ ልብስ ተጠቀሚ።

አዳፓሊን ደግሞ የተደፈነውን ቀዳዳ የሚከፍት ነው፤ ከቫይታሚን ኤ ጋር የሚቀራረብ መድኃኒት ነው። 0.1 በመቶው ለመጀመሪያ ይበቃል። አዲስ ብጉር እንዳይወጣ የሚያደርግ ዋናው ቅባት ይኸ ነው፤ በኔ እምነት አንድ ቅባት ብቻ ምረጥ ብባል እሱን ነው የማነሳው። ትሬቲኖይንም የዚሁ ቤተሰብ ነው፤ ግን የበለጠ ያቃጥላል፣ ብርሃንም ያበላሸዋል።

ሰው አዳፓሊንን የሚተወው በሁለት ምክንያት ነው። አንዱ ይደርቃል፣ ይላጣል። ሁለተኛው፣ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ብጉሩ የባሰ ይመስላል። ከስር የነበረው ቶሎ ቶሎ ስለሚወጣ ነው፤ ያልፋል። ድርቀቱ ግን እኛ ሀገር ላይ ልዩ ትኩረት ይፈልጋል። ደብረ ብርሃን ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። ብርዱና ደረቁ ነፋስ ብቻውን ከንፈር ይሰነጥቃል፣ ጉንጭ ያሻክራል። ቆላ ላይ ያለ ሰው በየማታው ተቀብቶ ሲችለው፣ አንቺ በሳምንትሽ ፊትሽ ሊላጥ ይችላል። ስለዚህ ቀስ ብለሽ ግቢበት። ፊትሽን ለብ ባለ ውኃ ታጠቢ፣ አድርቂ፣ ሩብ ሰዓት ያህል ቆዪ። ማለስለሻውን ተቀቢ። ከዚያ የአንድ አተር ፍሬ የሚያህል አዳፓሊን ጣትሽ ላይ አውጪ። ያቺ አንዲት አተር ለሙሉ ፊት ትበቃለች። ግንባር፣ ሁለት ጉንጭና አገጭ ላይ ነካ ነካ አድርገሽ ከዚያ አዳርሺው። የዐይን ዙሪያ፣ የአፍንጫ ሥርና የከንፈር ጥግ አይነካም። ለመጀመሪያው ሁለት ሳምንት በሦስት ቀን አንዴ፣ ከዚያ በሁለት ቀን አንዴ፣ ቆዳሽ ሲለምድ በየማታው። ለማርገዝ ስታስቢ ግን ትተዪዋለሽ።

ክሊንዳማይሲን የሚባል የሚቀባ አንቲባዮቲክም አለ። ብቻውን አትጠቀሚው፤ ባክቴሪያው ይለምደዋል። ከቤንዞይል ፐርኦክሳይድ ጋር ሲሆን ነው የሚጠቅመው። አዜላይክ አሲድ ደግሞ ለስላሳ ነው፣ ጥቁረቱንም ያለቅቃል። እርጉዝ ሴትም ልትቀባው ትችላለች። ነገ ለመውለድ ከወሰንሽ እሱን አስታውሺ።

ፋርማሲ የነገሩሽ ዶክሲሳይክሊን ትክክለኛ መድኃኒት ነው። ያልነገሩሽ ግን አንቲባዮቲኩ ብቻውን እንደማይበቃና ማብቂያ ጊዜ ሊኖረው እንደሚገባ ነው። እኔ ብዙውን ጊዜ በቀን 100 ሚሊግራም ለሦስት ወር እሰጣለሁ፤ ከሦስት አራት ወር አላስረዝመውም። ከሥሩ ሁልጊዜ ቤንዞይል ፐርኦክሳይድና አዳፓሊን አለ። ኪኒኑ እሳቱን ያጠፋል፤ ቅባቶቹ ደግሞ ኪኒኑ ካለቀ በኋላ እሳቱ እንዳይነሳ ይጠብቃሉ። ኪኒኑን ብቻ ውጣ ያቆመች ሴት ከጥቂት ወራት በኋላ ወደ ነበረችበት ትመለሳለች። ለአንቺ ሌላም ጥቅም አለው፤ የስቴሮይዱን ቅባት ስታቆሚ የሚነሳውን ብጉር ለማብረድ ሐኪም ብዙ ጊዜ የሚይዘው እሱን ነው።

ጉዳቱን በሁለት ቃል ልናገር፤ ጉሮሮና ፀሐይ።

ጉሮሮው ለጿሚ ሰው ዋናው ጉዳይ ነው። እንክብሉ ጉሮሮ ላይ ከተጣበቀ ያቆስላል። አንዲት የምትጾም እናት በአንድ ጉንጭ ውኃ ውጣው ወዲያው ተኛች። በማግስቱ ምራቋን እንኳ ስትውጥ ደረቷ መሐል እንደ ፍም ይፈጃት ነበር፤ ልቤን አመመኝ ብላ ነው የመጣችው። ስለዚህ ሙሉ ብርጭቆ ውኃ፣ ተቀምጠሽ ወይም ቆመሽ፤ ከዚያም ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ጋደም አትበዪ። በባዶ ሆድ ደግሞ ያቅለሸልሻል። መልካሙ ነገር በቀን አንዴ መሆኑ ነው። ጾምሽን መፍታት የለብሽም። እስከ 9 ሰዓት የምትጾሚ ከሆነ ምሳሽን በልተሽ ዋጪው፤ ወይም ማታ 1 ሰዓት ላይ ከእራት ጋር አድርጊው፣ እስክትተኚ ሰዓት አለሽ። የደም ማነስ ኪኒን፣ ማለትም አይረን፣ ወይም የጨጓራ ማስታገሻ የምትወስጅ ከሆነ አብረሽ አትዋጪ፤ ዶክሲሳይክሊኑን ከሆድ እንዳይገባ ይይዙታል። ሁለት ሦስት ሰዓት አራርቂያቸው።

ፀሐዩን ሰው ይንቀዋል። «ደብረ ብርሃን ብርድ ነው፣ ምን ፀሐይ አለ?» ይሉኛል። ቆዳን የሚያቃጥለው ጨረር ግን ከሙቀት ጋር አይሄድም። ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ጨረሩ 10 በመቶ ያህል ይጨምራል። ጣርማ በርን አልፈሽ፣ ደብረ ሲናን ወርደሽ ሸዋ ሮቢት ስትደርሺ ሙቀቱ ያልብሻል፤ ጨረሩ ግን ከደብረ ብርሃኑ የቀለለ ነው። ዶክሲሳይክሊን ቆዳን ለዚህ ጨረር ያጋልጣል፤ አዳፓሊንም እንዲሁ ቆዳን ያስከፋል። ጥቁር ቆዳም ይቃጠላል። ሰንስክሪን፣ ማለትም የፀሐይ መከላከያ ቅባት፣ ከቻልሽ ጥሩ፤ ዋጋው ከከበደሽ ጃንጥላና ሰፊ ባርኔጣ። ስስ ነጠላ በአንድ እጥፍ ብዙ አይከላከልም።

ዶክሲሳይክሊን የያዘች ሴት ከባድ ራስ ምታት ከዐይን ብዥታ ጋር ከመጣባት አቁማ በዚያው ቀን ሐኪም ጋ ትሂድ። ይህ አልፎ አልፎ ብቻ የሚያጋጥም ነው፤ ግን ማወቅ አለብሽ። እርጉዝ ሴትም አትወስደውም።

አሁን ስለ መርፌው አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ብጉሩ የጀመረሽ መርፌውን ከመጀመርሽ በፊት ነው ወይስ በኋላ? የሦስት ወር መርፌም ሆነ ክንድ ላይ የሚቀበረው የሚሠሩት ፕሮጄስቲን በሚባል ሆርሞን ነው። በአንዳንድ ሴቶች ላይ ብጉር ያመጣሉ ወይም ያብሳሉ። በሁሉም ላይ አይደለም። ስታስቢው መርፌውን በጀመርሽ በወራት ውስጥ ከሆነ የባሰብሽ፣ ይህን ለቤተሰብ ምጣኔ ባለሙያዋ ንገሪያት። ሁለት ዓይነት ሆርሞን ያለው በየቀኑ የሚዋጥ ኪኒን በተቃራኒው ብጉር ያሻሽላል፤ ለውጡ ግን ሦስት ወርና ከዚያ በላይ ይፈልጋል። እሱም ለሁሉም አይሆንም። ደም ግፊት ያለባት፣ እግሯ ላይ ደም የረጋባት፣ ወይም ከዐይን ብልጭታ ጋር የሚመጣ ማይግሬን ያላት ሴት አትወስደውም። የወር አበባሽ ከመርፌው በፊትም የተዛባ ከነበረ፣ አገጭሽ ላይ ወፈር ያለ ፀጉር ካለ፣ ያንንም ንገሪ፤ የእንቁልጢ ምርመራ ሊያስፈልግ ይችላል። እንዲህ ላሉ ሴቶች ስፓይሮኖላክቶን የሚባል ኪኒንም አለ። እሱም በእርግዝና ጊዜ አይወሰድም።

አንድ ነገር ግን አደራ። ብጉሬን አባሰው ብለሽ መርፌውን ብቻ አቁመሽ ሌላ ሳትተኪ እንዳትቀሪ። በዶክሲሳይክሊንና በአዳፓሊን ላይ እያለሽ ድንገት ማርገዝ አንፈልግም። ስለሚቀጥለው መድኃኒት ስናወራ ደግሞ ይህ ከሁሉም የበለጠ ይከብዳል።

አይሶትሬቲኖይን። ከ1982 ጀምሮ በጥቅም ላይ ያለ ነው፤ ለከባድ ብጉር እስካሁን ከእሱ የሚበልጥ አልተገኘም። የቆዳውን የቅባት ዕጢ ያኮማትረዋል። ሌሎቹ መድኃኒቶች በሽታውን ይይዙታል፤ እሱ ግን ብዙ ሰው ላይ ከጨረሱት በኋላም ብጉሩ ተመልሶ እንዳይመጣ ያደርጋል። አንዳንዱ ሰው ሁለተኛ ዙር ያስፈልገዋል። መጠኑ በኪሎ ይሰላል፤ በቀን ለአንድ ኪሎ ክብደት ከ0.5 እስከ 1 ሚሊግራም፣ ለአምስት ስድስት ወር ያህል። ከምግብ ጋር፣ ያውም ቅባት ካለው ምግብ ጋር ካልሆነ በደንብ አይገባም። በጾም ወቅት ዘይት ያለው ወጥ፣ ለውዝ ወይም ተልባ አብሮት ይበላል።

የሰማሻቸውን ሁለት ነገሮች አንድ በአንድ እንያቸው።

«መካን ያደርጋል» የሚለው እውነት አይደለም። መድኃኒቱ ካለቀ ከአንድ ወር በኋላ ከሰውነት ወጥቷል፤ ማርገዝና ጤነኛ ልጅ መውለድ ይቻላል። እውነቱ ሌላ ነው፣ ከሰማሽውም ይከፋል። መድኃኒቱን እየወሰደች ያረገዘች ሴት ፅንሷ ክፉኛ ይጎዳል። ለመድኃኒቱ ከተጋለጡ ፅንሶች ከ20 እስከ 35 በመቶ የሚሆኑት ጉዳት ይዘው እንደሚወለዱ ይታወቃል። ጆሮ፣ ፊት፣ አንጎል፣ ልብ። ውርጃም ይበዛል። «ትንሽ ብቻ ነው የዋጥኩት» የሚባል መጠን የለም። ለዚህ ነው ከመጀመሩ በፊት የእርግዝና ምርመራ የሚደረገው፣ በየወሩም የሚደገመው። መከላከያውም ከአንድ ወር በፊት ተጀምሮ፣ በሕክምናው ሁሉ ቀጥሎ፣ ካለቀ በኋላም አንድ ወር ይቆያል። በሁለት ዘዴ ቢሆን ይመረጣል፤ ለምሳሌ መርፌና ኮንዶም። ባለቤትሽም ይህን ማወቅ አለበት፣ አብራችሁ ነው የምትወስኑት። መድኃኒቱን እየወሰደ ያለ ሰው፣ ወንድም ቢሆን፣ ደም አይለግስም፤ ደሙ ለእርጉዝ ሴት ሊሰጥ ይችላልና።

«ጉበት ይጎዳል» የሚለው ከፊል እውነት አለው። የጉበት ኢንዛይምና የደም ቅባት ከፍ ሊል ይችላል። ብዙውን ጊዜ መለስተኛ ነው፣ መጠኑ ሲቀነስ ወይም ሲቆም ይመለሳል። ግን ይህን የምታውቂው ደምሽ ሲመረመር ነው፤ ከመጀመርሽ በፊትና ከጀመርሽ በኋላ በወር በሁለት ወር። የጉበት በሽታ ካለብሽ ወይም አልኮል የምታዘወትሪ ከሆነ ነገሩ ይለያል።

ሰው ሁሉ የሚያየው ጉዳት ግን ድርቀት ነው። ከንፈር ይሰነጠቃል፤ ይህ የማይቀር ነው። ዐይን ይደርቃል፣ አፍንጫ ይደማል፣ ቆዳ ያሳክካል። በእኛ ደጋ ይብሳል። ቫዝሊን ከኪስ አይለይም፤ ከንፈር ላይ በቀን ብዙ ጊዜ፣ አፍንጫ ውስጥም ማታ ማታ በስሱ። ጡንቻና ወገብ የሚያመውም አለ። ስለ ስሜትም እጠይቃለሁ። ብዙ ሰዎችን ያዩ ጥናቶች መድኃኒቱ በአጠቃላይ ድብርት እንደሚያበዛ አላሳዩም፤ እንዲያውም ፊቱ ሲጠራ መንፈሱ የሚነሳ ብዙ ነው። ግን ጥቂት ሰው ላይ ስሜት ድንገት ሊወርድ ይችላል። ከዚህ በፊት ድብርት ነበረብሽ ከሆነ አትደብቂ። ቤት ያለ አንድ ሰውም ለውጥ ካየ እንዲነግርሽ አስቀድመሽ አስጠንቅቂው።

ከዶክሲሳይክሊን ጋር ደግሞ ፈጽሞ አብሮ አይወሰድም። ሁለቱ ሲገናኙ አንጎል ዙሪያ ያለውን ግፊት ሊጨምሩ ይችላሉ። ይህን የምነግርሽ አንቺ ፋርማሲው የመከረሽን በአንድ እጅ፣ የጓደኛሽን በሌላ እጅ ይዘሽ ስለጻፍሽልኝ ነው። «ሁለቱንም ብሞክርስ?» የሚል ሐሳብ መጥቶብሽ ከሆነ እንዳታደርጊው። የቫይታሚን ኤ ኪኒንም አይጨመርበትም።

እንግዲህ የጓደኛሽን እንክብል አትቀበያት። መድኃኒቱን ጠልቼ አይደለም፤ ምናልባት ከሦስት ወር በኋላ እኔው ራሴ ላዝዝልሽ እችላለሁ። ግን ያኔ ክብደትሽ ተለክቶ፣ የእርግዝና ምርመራሽ ታይቶ፣ ደምሽ ተመርምሮ፣ የሚከታተልሽ ሰው ኖሮ ነው። አስፈሪ የሚባለው መድኃኒት ጉዳቱ ተቆጥሮ ይታወቃል፤ ስለሚታወቅም መጠበቂያ አለው። ስም የሌላት ቱቦ ግን ማንንም አታስፈራም፣ ማንም አይጠብቃትም። ብዙ የተበላሸ ፊት ያየሁት በእሷ ነው።

ለአንቺ የማስበው ቅደም ተከተል ይህ ነው። የኮስሞቲክስ ቤቱን ቅባት በሐኪም ክትትል ማቆም። እርጉዝ አለመሆንሽን ማረጋገጥ። ዶክሲሳይክሊን መጀመር። ቆዳሽ ከሦስት አራት ሳምንት በኋላ ሲረጋጋ መጀመሪያ አዳፓሊን፣ ቆይቶም ቤንዞይል ፐርኦክሳይድ መጨመር። በሦስተኛው ወር መጨረሻ አዲስ የሚጠጥር ብጉር እየወጣ፣ ጠባሳም እየጨመረ ከሆነ ወደ አይሶትሬቲኖይን መሄድ። ያኔ ዶክሲሳይክሊኑ አስቀድሞ ይቆማል። ያየሽ ሐኪም ጠባሳሽ እየፈጠነ ነው ካለ ደግሞ ሦስቱን ወር ሳይጠብቅ ሊያስገባሽ ይችላል፤ ያንን የሚወስነው ፊትሽን በዐይኑ ያየ ሰው ነው።

ስለ ቤት ውስጡም ትንሽ ልበል። ነጭ ሽንኩርት ፊት ላይ አታሥሪ፤ ያቃጥላል፣ የቃጠሎ ጠባሳም አይቻለሁ። ሎሚ ተቀብቶ ፀሐይ ላይ መውጣት ቆዳን አቃጥሎ ለወራት ያጠቁራል። የጥርስ ሳሙናም ያስከፋል። ፀጉርሽን ቅቤ የምትቀቢ ከሆነ በሻሽ ስትጠቀለዪው ቅቤው ወደ ግንባርና ወደ ጆሮ ግንድ ይወርዳል። እዚያ መስመር ላይ የሚወጡ ደቃቅ ብጉሮች ከእሱ ናቸው። ቅቤውን ተዪ አልልም፤ ግንባርሽ ላይ አጥብቀሽ ጨርቅ እሠሪና ቶሎ ታጠቢው። ፊትሽን በቀን ሁለት ጊዜ በለስላሳ ሳሙና መታጠብ ይበቃል። በልብስ ሳሙና መፈግፈግ ቆዳውን ከማስቆጣት በቀር ብጉሩን አያጥበውም። አታፍርጪው።

ምግብን በተመለከተ፣ በርበሬና ቡና ብጉር ያመጣሉ የሚለው ማስረጃ የለውም። ለስላሳ መጠጥና ጣፋጭ ማብዛት ግን በአንዳንድ ሰው ያብሰዋል፤ ወተትም እንዲሁ በአንዳንዱ።

ጠበል ልሄድ ነው ብለው የሚጠይቁኝ ብዙ ናቸው፤ ጻድቃኔ ማርያም ቅርባችን ናት። ሂጂ፣ ተጠመቂ። መድኃኒትሽን ግን አታቋርጪ፣ ቅባቱንም ከተጠመቅሽ በኋላ ፊትሽ ሲደርቅ ተቀቢ። እምነት ስትቀቢ የቆሰለውን ቦታ አትሺው፤ በስሱ ማሳረፍ ይበቃል።

ሐኪም ጋ ስትሄጂ ቱቦውን ከነካርቶኑ፣ መርፌው የተጻፈበትን ካርድሽን፣ የምትወስጃቸውን ሌሎች ኪኒኖች ሁሉ ይዘሽ ሂጂ። ቀጣዩ መርፌሽ መቼ እንደሆነም እወቂ። ዛሬ ደግሞ በመስኮት ብርሃን፣ ፊት ለፊትና በሁለቱም ጎን ሦስት ፎቶ አንሺ። ከዚያ በየቀኑ መስታወት ፊት አትቁሚ። መድኃኒቱን የካቲት ላይ ከጀመርሽ በመጋቢት አጋማሽ ምንም ያልተለወጠ ሊመስልሽ ይችላል፤ ብዙ ሰው የሚተወው እዚያ ላይ ነው። 12 ሳምንት ሳይሞላ መድኃኒቱ ይሠራል አይሠራም ብለን አንፈርድም። በግንቦት መጨረሻ በዚያው መስኮት፣ በዚያው ሰዓት እንደገና ተነሺና ሁለቱን ፎቶ ጎን ለጎን አድርገሽ እይው። ያኔ ጥቁረቱ ገና ይኖራል፤ እሱ ወራት ይወስዳል። አንቺ የምትቆጥሪው አዲስ የሚጠጥረውን ብቻ ነው። ስትቆጥሪ ያገኘሽውን ጻፊልኝ።